ከሴኞራ ቤት የተነሱት ዕቃዎች

ያ ክረምት አልወጣም ብሎ ያስቸገረ ክረምት ነበር። መውጫው ደርሶ፣ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ከበር ኋላ ሰቅሎ «እሰይ፣ ዘንድሮም አለፈልን» ካለ በኋላ፣ ዕቃ ረስቶ እንደሄደ እንግዳ ተመልሶ ገባ። ልብስ ገመድ ላይ ውሎ ሲወርድ ከተሰቀለበት ጊዜ ይልቅ ይከብዳል። ዳቦ በማግስቱ ይሻግታል። የግድግዳ ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል። ሰው እንኳ ሳቁን አሳጥሮ ነበር የሚስቀው፤ ደረቱ ውስጥ እርጥበት ገብቶ የሚያፍነው ይመስል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝምታው ነው። ዝናቡ አይጮህም፣ አያጉረመርምም። እንዲያው ዝም ብሎ፣ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ፣ ከየነገሩ ላይ ትንሽ ትንሽ እያነሳ ይሄድ ነበር።

እንፋሎት በዚያ ክረምት የአሠሪዋን የሴኞራን አንሶላዎች በካውያ ስታደርቅ ነበር የምትውለው። እንፋሎት የቅጽል ስሟ ነው። ልብስ ተኳሽ በመሆኗም፣ ቁጣዋ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ በመጥፋቱም ተባለች። ስሙን ያወጣላት የዚያው ቤት ዘበኛ ነው፤ ዕድሜውን በቀልድ የጨረሰ ሽማግሌ። ጠዋት በሩን ሲከፍትላት ሁልጊዜ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል።

«ተኳሽ መጣች! እጅ ሰጥቻለሁ፣ አትግደይኝ!»

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ጥይት ማባከን ነው። ሳሉ ራሱ ይበቃዎታል።»

«አቤት አፍ! ካውያስ ቢያንስ ሳይነካ አያቃጥልም።»

ቤቱ በዳገቱ ጫፍ ላይ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። የሴኞራ ባል ድልድይ ሠሪ ነበሩ። ከሩቅ አገር ለሥራ መጥተው፣ ከታች ያለውን ወንዝ የሚያሻግረውን ድልድይ ሠርተው፣ እዚሁ ታመው ሞቱ። ሴኞራ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። የፎቁ መስኮት ድልድዩን ያሳያል፤ ሴኞራ በዚያ መስኮት አጠገብ ባለ ክንድ ወንበራቸውን አስቀምጠው አረጁ። ቋንቋችንን የተማሩት ገበያ ላይ ከሴቶች ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላሉ። ዘበኛው መጀመሪያ መጀመሪያ ያኮርፍ ነበር። በኋላ ግን ለመደው። «በቃ፣ እዚህ ቤት ሴት ሆኜ ነው የማረጀው፤ ምን ይደረግ» ይላል።

የዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበረው። ማንም ሰው ማንኛውንም ነገር ሳይጠይቅ አያነሳም። ግማሽ የተጠጣ ብርጭቆ ቢሆን፣ የደረቀ አበባ ቢሆን፣ ጠይቆ ነው። እንፋሎት ይህን ለመድ እስክታደርገው ድረስ የሀብታም ቅብጠት ይመስላት ነበር። ምክንያቱን የነገራት ዘበኛው ነው። ሴኞራ ባላቸውን ቀብረው ሲመለሱ፣ ደግ የሆኑ ጎረቤቶች ሐዘኑ እንዳይጸናባቸው ብለው የሰውየውን መነጽር፣ ጫማ፣ ኮት፣ የሚጠጡበትን ኩባያ ሳይቀር ከቤቱ አንስተው፣ ወለሉን ወልውለው ጠበቋቸው። ሴኞራ በር ላይ ቆመው ቤቱን ዞረው አዩት። አላለቀሱም። «በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቀበራችሁት» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ሕጉ።

ስለዚህ ለእንፋሎት መጀመሪያ ያስተማሯት የስፓኒሽ ቃል «ኪታር» ሆነ። ማንሳት ማለት ነው። «ኪቶ?» ብላ ትጠይቃለች፣ ላንሳ? እንደማለት። «ኪታ» ካሉ ታነሳለች። «ኖ» ካሉ እጇን ትሰበስባለች።

ሲውል ሲያድር ግን ቃሉ ማንሳት ብቻ እንዳልሆነ አየች። ጫማ ማውለቅ ኪታር ነው። ገበታ ማንሳትም ያው፤ «ኪታ ላ ሜሳ» ይሏታል። አቧራ መጥረግ ኪታር። ከሸሚዝ ላይ የወይን ጠጅ ነጠብጣብ ማስለቀቅ ኪታር። መስኮቱን ስትጋርድባቸው «ኪታቴ» ይሏታል፣ ገለል በይ። ሌባ የሰው ቦርሳ ቢቀማስ? እሱም ኪታር ነው።

«ሴኞራ፣ ቋንቋዎ ደኸየሳ!» አለች አንድ ቀን፣ ካውያዋን አቁማ። «እኛ ጫማ እናወልቃለን፣ ገበታ እናነሳለን፣ አቧራ እንጠርጋለን፣ ሌባ ይቀማል። እናንተ ለሠራተኛውም ለሌባውም አንድ ቃል?»

ሴኞራ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ስሚ፣ አንቺ። ቃል አንድ ነው። የዕቃው ባለቤት ግን ያውቃል። ማንሳት ነው፣ መቀማት ነው፣ እሷ ታውቃለች። ፊቷን እዪ።»

ደግሞም አስረዷት። ሲወስዱብሽ፣ ሲቀሙሽ፣ «ሜ» የምትባል ትንሽ ቃል ከፊት ትገባለች፤ እናንተ ከኋላ «ብኝ» እንደምትሉት። ከላይ ያለ ነገር ሲነሳ ነው ኪታር። ከውስጥ ሲወጣ ሌላ ነው፤ «ሳካር» ነው። ጥርስ ከድድ፣ ቁልፍ ከኪስ፣ ሰው ከቤት። እንፋሎት ይህን ሁሉ አንሶላ እያጠፈች ሰማች። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየችም፤ ግን የሰማችው ነገር እንደ ካውያ ምልክት ነው፣ አይለቅም።

እንግዲህ በዚያ ክረምት ሴኞራ ደረጃው ላይ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም። አንደበታቸው ግን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የኛ ቋንቋ ሄደ፤ ዛሬ «መስኮት» የሚለው ይጠፋቸዋል፣ ነገ «ውሃ» የሚለው። ገና ትንሽ በቀረላቸው ጊዜ፣ አንድ ጠዋት የእንፋሎትን አንጓ ይዘው ወደ ወለሉ፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ድልድዩ አሳዩና፦

«እኔ ከዚህ... ሳካር የለም» አሏት። «እስክሞት። እሺ፣ አንቺ?»

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነው የሚያወጣዎት!» አለች እንፋሎት። እንባዋ መጥቶባት ስለነበር ድምጿን ከፍ አደረገችው። ሴኞራም አመኗት።

የእህታቸው ልጅ ከአገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፀ ቀጭን ሰው። ጫማው ወለል ላይ አይሰማም። ዘበኛው ገና በመጀመሪያው ቀን «ለስላሳው» አለው።

«ይሄ ሰውዬ እንዴት ነው የሚረግጠው? ድመት እንኳ አንዳንዴ ትሰማለች።»

«ደግ ይመስላል፣ ጋሼ። ከረሜላ ሰጠኝ።»

«ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ልጄ።»

ለስላሳው ከኛ ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም። እንፋሎት ደግሞ ከሱ ቋንቋ በደንብ የምታውቀው አንዱን ቃል ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የነበረው ድልድይ ያ ቃል ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ ምንጣፉ። ለስላሳው እግሩን እንደ መደናቀፍ አድርጎ አሳያትና ወደ ሴኞራ ጠቁሞ «ኪታ» አላት። እውነት ነው፣ በሽተኛ ያሰናክላል። እንፋሎት ግን እንደ ልማዷ ወደ ሴኞራ ዞረች። «ኪቶ?» ሴኞራ ዝም ብለው አዩዋት። ለስላሳው እጁን በትከሻቸው ላይ አሳርፎ ፈገግ ሲል እሳቸውም ፈገግ አሉ። ጠቅልላ አወረደችው።

ቀጥሎ በግድግዳው ላይ የነበሩት ሥዕሎች። እርጥበቱ እንዳያበላሻቸው መሆኑ ነው፤ ከጀርባቸው የበቀለውን ሻጋታ በጣቱ አሳያት። ያን ጊዜም «ኪቶ?» አለች። ሴኞራ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። የተኛ ሰው ይቀሰቀሳል እንዴ? አነሳቻቸው። ሥዕሎቹ የነበሩበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ግድግዳው ዓይኑን ገልጦ የሚያይ ይመስል ነበር።

መስታወቱ ሲነሳ አልጠየቀችም። በሽተኛ የገዛ ፊቱን አይቶ እንዳይደነግጥ ነው ብላ ለራሷ ተረዳችለት። ከራስጌ የምትቀመጠው ደወል ስትነሳም አልጠየቀችም። መቼም የማንሳት ነገር እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ይከብዳል፣ ሁለተኛው ይቀላል፣ ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ ያውቀዋል። አናጢ ተጠርቶ ከመኝታ ቤቱ በር በስተውስጥ ያለውን መቀርቀሪያ ሲነቅል፣ ብሎኖቹን በመዳፏ የተቀበለችው እሷ ነች። ሴኞራ ከአልጋቸው ሆነው የአናጢውን እጅ ያዩ ነበር። ያን ዕለት ሌሊት በሩ አልዘጋ ብሎ ሲንቋቋ እንዳደረ ጓሮ የምታድረው የዘበኛው ሚስት እንኳ ሰምታለች።

እንፋሎት የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ነገር የማያመልጣት ሴት። ክር በጥርሷ እየበጠሰች ሰማቻትና፦

«እንዲያው ለመሆኑ» አለች፣ «የሚያነሳ ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው። የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«ምድር ቤት ይመስለኛል፣ እትዬ። እስከ በሩ አደርስለታለሁ።»

«ገብተሽ አየሽ?»

«ምን ብዬ እገባለሁ?»

«ሰው የገዛ እጁ ያወረደውን የት እንደገባ አያውቅም? አንቺ እኮ ካልሲ ጎደለ ብለሽ ሰፈር የምታምሺ ሴት ነሽ!»

በማግስቱ እንፋሎት በጓሮ በኩል ዞረች። የምድር ቤቱ መስኮት ከመሬት ጋር እኩል ነው። ጉልበቷን ጭቃው ላይ አሳርፋ መስታወቱን በቀሚሷ ጠረገችና ውስጡን አየች። ምንጣፍ የለም። ሥዕል የለም። መስታወት የለም። ወለሉ ላይ የተኛ ውሃ ብቻ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ የራሷ ጭንቅላት ጥላ። ቀና ስትል ለስላሳው ከፎቁ መስኮት ቁልቁል እያያት ነበር። አልተቆጣም። በራሱ ሰላምታ ሰጣት።

«ጋሼ፣ ዕቃው የት ሄደ?»

ዘበኛው ያን ቀን እጁን ወደ ላይ አላነሳም፤ አልቀለደምም።

«አንቺ በማትመጪበት ቀን የተሸፈነ መኪና ይመጣል። ክፈት ይለኛል፣ እከፍታለሁ። ዝጋ ይለኛል፣ እዘጋለሁ።»

«እና ሳይነግሩኝ?»

«የምታወርጂው አንቺ፤ ለእኔ ማን ነገረኝ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንፋሎት ቆረጠች። ከእንግዲህ አንዲት ማንኪያ አላነሳም አለች። ለስላሳው ባለ ክንድ ወንበሩን በጣቱ ቢያሳያት «ኖ» አለችው፣ በሴኞራ አባባል፣ አገጯን ቀና አድርጋ። እሱም ትከሻውን ሰበቀና ተወው። በማግስቱ ስትመጣ ወንበሩ የለም። ሴኞራ አልጋቸው ላይ ሆነው ወደ መስኮቱ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ከተኙበት የሚታየው ግን ሰማይ ብቻ ነው፣ ድልድዩ አይታይም።

ቀጥሎ ነገሩ እምቢ በማይባልበት በኩል መጣ። የሴኞራ እጅ አበጠ። የጋብቻ ቀለበታቸው ሥጋ ውስጥ ሰመጠ፤ ጣታቸው ጠቆረ። ለስላሳው አሳያትና በእርጋታ «ኪታ» አለ። እንፋሎት የሴኞራን ጣት አየች። ቢቆይ ጣቱ ይሞታል። ማንም ቢሆን ያየዋል።

ለብ ያለ ውሃ አመጣች፣ ሳሙና አመጣች። የሐር ክር በጣታቸው ላይ ጠመጠመች፣ እህቷ እንዳስተማረቻት። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እንደ ሕፃን እጅ በጭኗ ላይ ይዛ፣ እያሸች፣ እያባበለች፣ «ይችን ብቻ፣ ሴኞራ፣ ይችን ብቻ» እያለች አወጣችው። ሴኞራ አልጮሁም። ቀለበቱ ሲወጣ ቀለበቱን ሳይሆን እሷን አዩዋት። ዓይናቸው እንደ ድሮው ጠርቶ ነበር።

«ሜ ሎ ኪታስቴ» አሉ።

ወሰድሽብኝ።

እንፋሎት ፊታቸውን አየች፣ «ፊቷን እዪ» ብለዋት አልነበር? ቀለበቱን መልሳ በመዳፋቸው ልታስይዛቸው ስትል ለስላሳው የታጠፈ መሐረብ ከፊቷ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ጣቷ ሳሙና ነው። ቀለበቱ ከእጇ ሾልኮ መሐረቡ ላይ ወደቀ። አጣጠፈው።

ሐኪሙ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ በጠራራ ረፋድ፣ ዝናቡ እንኳ ለአፍታ ባቆመበት ሰዓት። የኛው ሰው ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ችኩል ያልሆነ። ሴኞራን መረመራቸው። ከዚያ ክፍሉን አየ። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ በሩን።

«መቀመጫ የለም?» አላት።

«ነበረ፣ ዶክተር።»

«ሲፈልጓችሁ በምን ይጠራሉ? አፋቸው አይታዘዝም እኮ። ደወል የላቸውም?»

«ነበረ።»

«በሩስ? ምን ሆኖ ነው የማይዘጋው? ነፋሱ ቀጥታ ደረታቸው ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ዕቃ የት ሄደ?»

«ተነስቶ ነው።»

«ማነው ያነሳው?»

እንፋሎት መዋሸት አትችልበትም። «እኔ ነኝ» አለች። «አንሺ ተብዬ... እሱ ነው...» ብላ ወደ ለስላሳው ጠቆመች። ለስላሳው ምን እንደተባለ ባይሰማም እጆቹን ከፊቱ አጋጥሞ፣ ያዘነ ሰው ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በባዶ ግድግዳ መካከል እንዲያ ሲቆም እሱ ራሱ የተዘረፈ ይመስል ነበር።

ሐኪሙ ተነፈሰ። «እህቴ፣ እንኳን እሳቸው፣ ጤነኛ ሰው እንዲህ ባለ ቤት አይኖርም» አለ። ከዚያ ወደ ለስላሳው ዞሮ በሚግባቡበት ቋንቋ ጥቂት ተነጋገሩ። ለስላሳው ራሱን ነቀነቀ፣ ነቀነቀ፤ በመጨረሻም በዚያች ቀጭን ድምፁ መለሰ። እንፋሎት ከመካከሉ አንዲት ቃል ለየች፣ እሱ ቤቱ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን ከአፉ ያልሰማቻትን። «ሳካርላ» አለ፤ እሷን ማውጣት።

ያን ጊዜ ገባት። ቤቱን አራቁታ በሴኞራ ላይ ምስክር ያደረገችው እሷ ነች። እሷ በር ላይ ቆማ ሴኞራን ሊያወጣ የሚመጣውን ሰው ስትጠብቅ፣ መንገዱን በገዛ እጇ ስትጠርግለት ከርማለች።

እየሮጠች ቤቷ ገባች። «እትዬ፣ መስታወቱን ስጪኝ! ወንበሩንም! ያን ምንጣፍም ጠቅልዪልኝ!»

«ምን ነካሽ? ደንበኞቼ በምን ሊታዩ ነው?»

«ሐኪሙ ተመልሶ ቢያይ... ቤቱ ሰው የሚኖርበት ቤት መሆኑን ቢያይ...»

እህቷ አፍ አፏን አይታ መርፌዋን ሰካች። «አይ አንቺ ልጅ» አለች። «ውሃ ከፈሰሰ ወዲያ!» ይህን እያለች ግን ምንጣፏን ትጠቀልል ነበር። ደወል ባይኖራት፣ መቀሷ ላይ የተንጠለጠለውን ቃጭል ፈታ ሰጠቻት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ዝናቡ ተመልሷል። እህቷ ምንጣፉንና ወንበሩን ይዛ ወደ ኋላ ቀረች፤ እንፋሎት የልብስ ሰፊዋን ረጅም መስታወት በሁለት ክንዷ አቅፋ ቀደመች። ከበሩ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መኪና ቆሟል፤ ሞተሩ ይሠራል። ሴኞራ ከኋላ ወንበር ላይ፣ እሷ በተኮሰችው አንሶላ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

እንፋሎት መኪናው ፊት ቆመች። ምን ትበል? የምታውቀው ቃል ለዚህ አይሆንም። መስታወቱን እንዳቀፈች ቆመች፣ ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል።

ሴኞራ ከመስኮቱ ውስጥ ቀና አሉ። መስታወት ካዩ ቆይተዋል። በመስታወቱ ውስጥ ያለችውን የከሳች አሮጊት፣ ከኋላዋ ያለውን ባዶ ቤት፣ የተከፈተውን በር ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀለበት የሌለውን እጃቸውን አንስተው የመኪናውን መስታወት ነኩ።

«ኖ» አሉ። ቀስ ብለው፣ እንደ ድሮው፣ የጠየቃቸው ሰው እንዳለ ሁሉ። «ኖ። ኖ።»

ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ለስላሳው ከፊት ወርዶ ወደ እንፋሎት መጣ። አልገፋትም። በሁለት ጣቱ ብቻ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ወደ ዳር አመለከታት። «ኪታቴ» አላት።

ዘበኛው ነው እጅጌዋን ይዞ የሳባት። «ነይ፣ ልጄ። ይገጩሻል፣ ነይ» እያለ ያለቅስ ነበር። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። እህቷ ምንጣፉን እንደተሸከመች መንገድ ዳር ቆማ ሲያልፍ አየችው። ሴኞራ ፊታቸውን ወደ ድልድዩ አዙረው ነበር አለች በኋላ።

የት እንደወሰዷቸው የነገረ ሰው የለም። ዘበኛው የሰማው ሾፌሩ ስለ ወደቡ መንገድ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ቤቱ ተቆለፈ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ገባበት። ሐኪሙ ሲጠየቅ «ጥሩ ቦታ ነው ብለውኛል» አለ፤ «ብለውኛል» እንጂ «አይቻለሁ» አላለም።

እንፋሎት ክረምቱ ሳይወጣ ካውያዋን በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች። እህቷ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት።

«ብታገኚያቸውስ ምን ልትያቸው ነው?»

«ምንም አልልም፣ እትዬ። እጠይቃቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ካውያዋን አቅፋ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። አረጋውያን ባሉበት ቤት ሁሉ እየዞረች አንሶላ ልተኩስ ትላለች አሉ፤ ጥቂት ትሠራለች፣ ክፍሎቹን ሁሉ ታያለች፣ ከዚያ ወደ ሌላው ትሄዳለች። መስታወቱ እስካሁን ልብስ ሰፊዋ ቤት አለ፤ ዝናቡ ጠርዙን አጥቁሮታል።

ለመጨረሻ ጊዜ ያያት የእህቷ ደንበኛ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በወደቡ ከተማ፣ ከአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጀርባ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆማ አንሶላ ትተኩስ ነበር። አንዱን አንሶላ ባነሳች ቁጥር፣ ማንም በሌለበት፣ «ኪቶ?» ትል ነበር አለ።